በድንጋይ የተያዘ ወረፋ

ዝንጅብሉ ባይፈስ ኖሮ ይህን ሁሉ አልጽፍም ነበር። አንድ ተሸካሚ ከመናኸሪያ ወደ ገበያ ጆንያ እየጎተተ በወረፋችን ጎን ሲያልፍ፣ ጆንያው ከሥር ተቀዶ ኖሮ እርጥብ ዝንጅብል አንድ አንድ እያለ በኮብልስቶኑ ላይ ይንጠባጠባል። ከኋላ የመጣ ባጃጅ ረገጠውና ሽታው ተነሳ። “የሀደሮ ነው” አለች ከኋላዬ የቆመች ሴት፣ ማንም ሳይጠይቃት። ሀደሮ የዝንጅብል አገር ናት፤ የሀደሮ መሆኑን እኔም አውቄአለሁ። ለስንት ዓመት ሻይ ቤት ገብቼ “ያለ ዝንጅብል” የምል ሰው ነኝ። ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ጨጓራዬን አመካኛለሁ።

የቆምነው ለዲጂታል መታወቂያ ነው። ጠዋት “ሲስተም የለም” አሉን፤ ረፈድ ሲልም ያንኑ። ዛሬ ሰው ሲስተም የለም ሲባል እንደ ዝናብ ቆጥሮት መጠለያ ይፈልጋል እንጂ አይቆጣም። ሁሉም ከአጥሩ አጠገብ ወዳለው ጽድ ጥላ ሄደና ወረፋው ላይ የቀረው ዕቃው ነው። ድንጋይ፣ የውሃ ፕላስቲክ፣ ግማሽ ጥንድ ነጠላ ጫማ፣ አንድ እስር ጎመን ሳይቀር ተሰልፏል። እኔ ግን ጉልበቴ እያመመኝ ቆሜአለሁ። ወረፋ በድንጋይ አልይዝም። ምክንያቱን የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ እዚያ ነበር፤ እሱም ከጎመኑ ቀጥሎ የተጋደመው ከዘራ ባለቤት ነው። ጥላው ሥር ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ያንቀላፋሉ። አቶ ሄራሞ ናቸው፤ የድሮ አለቃዬ። በዚህች በሆሳዕና ከተማ እሳቸውን ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ለቅሶ ቤት ካሉ እስኪወጡ ድረስ ውጭ እቆያለሁ። ሰዎች “ምን አድርገውሽ ነው?” ሲሉኝ “የሠራሁትን ሥራ በስማቸው አስጻፉት” እላለሁ። ውሸት አይደለም። ግን ያ ብቻ አይደለም።

ያኔ የመሥሪያ ቤታችን በር ወደ መናኸሪያው ቁልቁል ያያል። ማዕዘኑ ላይ ካሴት ቤት ነበረ፤ ከሱ ቀጥሎ ሻይ ቤት። ሻይ ሃምሳ ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖም ሃምሳ ሳንቲም። ባለሻይዋ ስኳር ሦስት ማንኪያ ትሰጣለች፤ አራተኛ ስጠይቃት “አባትሽ ሱቅ ሄደሽ ላሺ!” ትለኛለች። አባቴ የጉራጌ ነጋዴ ነበር፤ ከስኳር እስከ ሚስማር የሚሸጥ። እኔ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሬ ስመለስ ሱቁ ውስጥ ለሚገባ ሁሉ “ልጄ ማሽን ታናግራለች” ይል ነበር። ቡናማ ጉርድ ቀሚስና ከመርካቶ የመጣ ሻርፕ ነበረኝ። ጫማዬ ተረከዙ ቀጭን ስለሆነ በክረምት ጭቃ ውስጥ ተተክሎ ይቀራል፤ ጋሪ ነጂዎቹም “ኮምፒውተሯ ተተከለች!” እያሉ ይሳሳቃሉ። ከካሴት ቤቱ አንዲት ዘፋኝ ቀኑን ሙሉ ታለቅሳለች። መብራት ሲዳከም ድምጿ ይወፍርና ወንድ ትሆናለች። ያን ጊዜ ሻዬን ትቼ እሮጣለሁ፤ ዘፋኟ ወንድ ከሆነች የመሥሪያ ቤታችን ሰርቨርም መንተባተቡ አይቀርምና። ዛሬ ካሴት ቤቱ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጣል፤ ሻይ ቤቱ ያለበት ቦታ ሕንፃ ቆሞበታል።

ሥራችን ከውጭ የሚላክ ገንዘብና የጡረታ ክፍያ ማስተላለፍ ነበር። ሒሳቡ ሁሉ ያለው አዲስ አበባ፣ አንድ ትልቅ ማሽን ላይ ነው፤ ሜይንፍሬም ይባላል። ሆሳዕና ያለው ሰርቨር የእኛን፣ የዱራሜንና የሀደሮን ጥያቄ ይሰበስብና በአንድ መስመር ወደ እሱ ይልካል። የመስኮት ሠራተኛ ጠዋት ስሟን አስገብታ ስትከፍት ማሽኑ አንድ ቦታ ይሰጣታል፤ ሴሽን እንለዋለን። ቦታው ደግሞ ውስን ነው። በአዘቦት ቀን ይበቃል። ችግሩ የገበያ ቀን ነው፤ በተለይ መስቀል ሲቃረብ። ደቡብ አፍሪካ የሄዱት ልጆች ለእናቶቻቸው የሚልኩት ያን ሰሞን ነው፤ ለሰንጋ፣ ለበዓሉ ምግብ ለአታካናው ቅቤ። እናቶቹ ዣንጥላቸውን ይዘው ደረጃውን ሞልተው ሳለ፣ ከመስኮቶቹ ባንዱ “ተቋረጠ!” የሚል ጩኸት ይሰማል። ከዚያ በሌላው። አንዴ የተቋረጠ መልሶ ለመግባት እኩለ ቀን ይሆንበታል። እናቶቹም እኔን ያዩኛል፤ መስመሩ የእኔ ኃላፊነት ነበርና። አንዷ “ልጄ ከዚያ ማዶ የላከው ጠፋ ወይ?” ብላ ስትጠይቀኝ “የለም እናቴ፣ መንገድ ላይ ነው” አልኳት። “ከባሕር ማዶ ደርሶ ከአዲስ አበባ መምጣት አቃተው?” አለችኝ።

አቶ ሄራሞ ወንጀለኛውን ወዲያው አገኙ። “አይጥ ነው፤ ሽቦውን እየበላ ነው” አሉ። ድመት ተገዛች። ድመቷ ጄኔሬተር ክፍል ውስጥ ወለደች፤ መስመሩም እንደተለመደው መቋረጡን ቀጠለ። ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ ባለሙያ የስልክ መስመሩ ነው ብሎ ሄደ። ሽቦ ቀየርኩ፤ ሰው በሌለበት ቀን ብሞክረው አንድም ጊዜ አልተቋረጠም። ሥራ ሲበዛ ብቻ የሚታመም መስመር እንደ ሰነፍ ሙሽራ ነው፤ እንግዳ ሲመጣ ራሷን ያማታል።

በዚያ ሁሉ ፍለጋ ጓደኛ የሆነችኝ ኑሪያ ነበረች። ኑሪያ የሀደሮው መስኮት ብቸኛ ሠራተኛ ናት፤ አልጋ ላይ የዋለች እናቷን እያስታመመች የምትሠራ፣ ሳቂታ። መስመሩን የምንፈትነው በስልክ እየተነጋገርን ነው። “ላኪ” እላታለሁ፤ ትልካለች። “ደረሰ?” ትለኛለች። “አልደረሰም።”

“ራህሜ፣ ማሽንሽ ጫት ቃመ እንዴ? አፍጥጦብኝ ይቀራል እኮ!”

“አንቺ ምን ነክተሽ ነው?” ብዬ ስጮህባት፣

“ቀስ በይ እንጂ! አንቺ እኮ ስልክም አያስፈልግሽም፤ መስኮቱን ከፍተሽ ብትጮሂ ሀደሮ ይሰማል” ትለኛለች። ድምፄ ወፍራም ነው፤ ስከራከር ደግሞ ለጎረቤትም ይተርፋል። በየሳምንቱ በአውቶቡስ ሾፌር እጅ እርጥብ ዝንጅብል በኮባ ጠቅልላ ትልክልኛለች። መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ከእኔ ጋር በዝንጅብል ሻይ ይጠጣ ነበር፤ አቶ ሄራሞም ጭምር።

ነገሩን ያገኘሁት በአንድ የገበያ ቀን ጠዋት፣ በሩ ለባለጉዳይ ሳይከፈት ነው። ማሽኑ ላይ ስንት ቦታ እንደተያዘ ሳይ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። አዳራሹ ውስጥ ያለነው ግን ጠራጊዋና እኔ ብቻ ነን። በየጠረጴዛው ዞርኩ። ስክሪኑ ሁሉ ተከፍቷል፤ በየኪቦርዱ ላይ ድንጋይ ተቀምጧል። ነፋስ ወረቀት እንዳይበትንባቸው ሠራተኞቹ ከወንዝ ያመጡት ልሙጥ ድንጋይ ነው። ዕቃ ግምጃ ቤት ያሉት፣ ማንም የማይሠራባቸው አሮጌ ስክሪኖች ሳይቀሩ ተከፍተው ድንጋይ ተጭኖባቸዋል። ሠራተኞቹ ማለዳ መጥተው ቦታቸውን ከፍተው፣ የጓደኛቸውንም ጨምረው ከፍተው፣ “ተይዟል፣ እንዳትነኩ” ለማለት ድንጋይ አስቀምጠው ቁርስ ሄደዋል። ቦኖ ውሃ ሲቀዳ ያደገ ሰው ሌላ ምን ያደርጋል? ጀሪካን ይሰለፋል፤ ጀሪካን የሌለው ድንጋይ ያሰልፋል፤ ለቀረችው ጎረቤት ድንጋይ አለማስቀመጥ ነውር ነው። ያደጉበትን ደግነት ማሽኑ ላይ አመጡት። ማሽኑ ግን ቦታው ሲሞላበት የገባውን ሰው መግፋት ይጀምራል፤ መጀመሪያ የሚገፋውም በደካማ መስመር የሚመጣውን ነው። አቶ ሄራሞ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ስክሪን ነበረ። አንዱንም ነክተውት አያውቁም። ሁለቱም ላይ ድንጋይ ነበረ።

ለኑሪያ ደውዬ “አንቺስ ስንት ድንጋይ አስቀምጠሻል?” አልኳት።

“የምን ድንጋይ? አንድ ስክሪን፣ አንድ ኑሪያ” አለች።

ድንጋዮቹን በጆንያ ለቀምኩ። ሴቶቹ “ራህመት ቤት ልትሠራ ነው” እያሉ አላገጡብኝ፤ ለወራትም ቡና ላይ አልጠሩኝም። ከዚያ አቶ ሄራሞን አስፈቅጄ ሰርቨሩ ላይ አንድ ሕግ አስገባሁ፤ ገብቶ ጥቂት ደቂቃ ዝም ያለ ሁሉ ይውጣ፣ ቦታው ለሌላ ይሰጥ። የሚቀጥለው የገበያ ቀን ሆሳዕና ላይ “ተቋረጠ” የሚል ድምፅ አልተሰማም። እናቶቹ ገብተው ወጡ። አንዷ መረቀችኝ። ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ጫማዬ ጭቃ ላይ ሲተከል እኔም ከጋሪ ነጂዎቹ ጋር ሳቅሁ።

በማግስቱ፣ ሥራ ሲጀመር ኑሪያ ደወለች። አልሳቀችም። “ራህሜ፣ ትናንት ቀኑን ሙሉ አስወጣኝ። እናቶቹ ፊቴ ቆመዋል፤ እልካለሁ፤ መልስ እየጠበቅኩ ያስወጣኛል።” ምን እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የሀደሮ መስመር ረጅምና ቀጭን ነው። ሥራ ሲበዛ ጥያቄዋ መንገድ ላይ ይቆያል። መልሱ እስኪመጣ እሷ ምንም አትነካም፤ ዝም ብላ ትጠብቃለች። ሕጌ ደግሞ ዝም ያለውን ነው የሚያስወጣው። ለማሽኑ የሚጠብቅ ሰውና የተረሳ ድንጋይ አንድ ናቸው። “ምናልባት አንቺም ከፍተሽ ትተሽው ሄደሽ ይሆናል” አልኳት፤ ለምን እንዳልኩ አላውቅም። ከዚያ እንዲህ አለች፦ “እኔ ድንጋይ አይደለሁም ራህሜ። ሰው ነኝ። ቆሜ እየጠበቅኩ ነበር።”

መድኃኒቱ ቀላል ነበር፤ ለሀደሮ ብቻ ረዘም ያለ ጊዜ መስጠት። ለዚያ የአለቃ ፈቃድ ያስፈልጋል። አቶ ሄራሞ ቢሮ ስገባ ከዋናው መሥሪያ ቤት የመጣ እንግዳ ተቀምጧል፤ እሱም “ይህቺ ናት ጎበዟ?” ብሎ እጄን ጨበጠኝ። ሻይ ታዘዘልኝ። በዚያ ሻይ መሐል “ለሀደሮ ትንሽ ጊዜ ብንጨምርለት” አልኩ። አቶ ሄራሞ “ለአንዱ ከተማ ከለቀቅን ሁሉም ይጠይቃል። ሕግ አንድ ነው” አሉ። እንግዳው በስምምነት ራሱን ነቀነቀ። እኔም ሻዬን ጠጣሁ። ይህ ሁሉ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ባላውቅም ሻዩ ገና ትኩስ ነበር።

ሀደሮ በየገበያው ቀን እየተቋረጠ ከረመ። ከዚያ “ሥራ የማይሠራበት መስኮት” ተባለና ተዘጋ። የሀደሮ እናቶች፣ ክፍያቸው ወደ ሆሳዕና ስለተዛወረ፣ በዱራሜ ዞረው፣ በአውቶቡስ ተጨናንቀው ሆሳዕና ይመጡ ጀመር። ለኑሪያ ሆሳዕና ቦታ ሰጧት፤ አልጋ ላይ ያለች እናቷን ትታ እንደማትመጣ ሁሉም እያወቀ። ቁልፉን ለማስረከብ አንድ ቀን መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ዝንጅብል አስቀመጠች። “ለሻይሽ” አለች። “ትእዛዝ ነው እኮ ኑሪያ” አልኳት። “አውቃለሁ” አለችኝ፤ ሻርፔን አስተካከለችልኝና ወጣች። ዝንጅብሉን መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። ከስንት ጊዜ በኋላ ስከፍተው በጨለማው ውስጥ አቆጥቁጧል፤ ነጭ፣ ቀጭን ጣት የመሰለ ቡቃያ።

መሥሪያ ቤቱ በዓመቱ ስለ መስመሩ መስተካከል ሽልማት ሲሰጥ የተጠራው ስም የአቶ ሄራሞ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሰዓት ተሰጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማወራው ስለዚያ ሰዓት ነው። አባቴ ሱቅ ውስጥ፣ ሰርግ ላይ፣ ዛሬም ድረስ። ሰው ሁሉ “ተበድለሽ ኖሯል” ይለኛል። ተበድያለሁ። ግን ስለ ሰዓቱ ጮክ ብዬ ባወራሁ ቁጥር ሌላው ነገር ሳይነሳ ያልፋል፤ ይህን ደግሞ ከመጀመሪያው ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ወደ ወረፋው ልመለስ። የግቢው ጥበቃ ሲስተሙ ሊመጣ ነው ተብሎ ይሁን ወይም ሰልችቶት፣ እጁን እያጨበጨበ መጣ። “ባለቤት የሌለው ዕቃ ሁሉ ይነሳ! የምንቆጥረው ሰው ነው፤ ድንጋይ አንቆጥርም!” እያለ ድንጋዮቹን በእግሩ ወደ ጎን ይገፋል። ከጥላው ሥር ሰዎች እየሮጡ መጡ። የጎመኑ ባለቤት ጎመኗን አቅፋ “ይሄ ድንጋይ ይመስልሃል?” አለችው፤ ሰው ሳቀ። አቶ ሄራሞ አልነቁም። ጥበቃው ከዘራው ጋ ደረሰ። “ይሄስ? ባለቤት አለው?”

ሁሉም እኔን አየ፤ ከኋላው የቆምኩት እኔ ነኝ። ዝም ማለት እችል ነበር። ዝም ብል ከዘራው ይነሳል፤ ሽማግሌው ከወረፋው ጫፍ እንደገና ይጀምራሉ። ለዚያ የግድግዳ ሰዓት የሚመጥን ክፍያ ነው ብዬ አሰብኩ፤ ማሰቤንም አልክድም። ከዚያ ከዝንጅብሉ ሽታ ጋር ያ የኑሪያ የስልክ ድምፅ መጣብኝ።

“አለው!” አልኩ። “ሰውየው ቆመው እየጠበቁ ነበር፤ እግራቸው ደክሞ ነው የተቀመጡት። አትንካው!”

አጥሩ ማዶ ያለ ሰው ሁሉ ዞረ። አቶ ሄራሞም በድምፄ ነቁ። እየተንገዳገዱ መጡና ከዘራቸውን አነሱ። አዩኝ። “ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ” አሉ። “ወይዘሮ ራህመት።”

“ነኝ” አልኩ። ለስንት ዓመት ያዘጋጀሁትን ንግግር ፈለግኩት። “ሰዓቱ አሁንም ይሠራል?” ብቻ አልኩ።

“ባትሪ ካለቀበት ቆየ” አሉ። ቀጥለውም “ሀደሮ ሄጄ ነበር” አሉኝ።

“መቼ?”

“ጡረታ እንደወጣሁ። ሽማግሌ ይዤ። የዚያች ልጅ ነገር ሆዴን በላው። እናቷ ሞተዋል። እሷ ገበያ ላይ ዝንጅብል ትሸጣለች። ይቅር አለችኝ፤ ምሳም አበላችን።” ከዘራቸውን መሬት ላይ ነካ ነካ አደረጉ። “ስለ አንቺም ጠየቀችኝ።”

አልጠየቅኋቸውም፤ እሳቸው ግን ቀጠሉ።

“‘ራህመት ተከራክራልሽ ነበር፣ እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ’ አልኳት።”

“ተከራክሬ ነበር?”

“አንድ ጊዜ ተናግረሻል” አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ሳያነሱ። “ለእርቅ ስሄድ ያንን አንዱን ትንሽ አሳደግኩት። ሽማግሌዎቹም ደስ አላቸው። እሷ ግን ሳቀችብኝ።”

“ምን ብላ?”

“‘ራህሜ ከተከራከረች ድምጿ ሀደሮ ይሰማል። እኔ ምንም አልሰማሁም’ አለች።”

በዚያች ቅጽበት በሩ ተከፈተና “ሲስተም መጥቷል! ተራ በተራ!” የሚል ጥሪ ተሰማ። ሰው ተገፋፋ። አቶ ሄራሞ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ፊት ሄዱ፤ ዞረው አላዩኝም። የምጠላው ሰው የራሱን ሒሳብ ዘግቶ ነው የከረመው። እሱን ስጠብቅ የቀረሁት እኔ ነኝ።

ከወረፋው ወጣሁ። ከኋላዬ የነበረችው ሴት ክንዴን ያዘችኝ። “እማማ፣ ተራዎ ደርሷል እኮ! ይበሉ አንድ ነገር አስቀምጠው ይሂዱ፣ እኔ አስጠብቅልዎታለሁ።”

“ምንም አላስቀምጥም። ቦታው ያንቺ ነው።”

ቁልቁል ወረድኩ። መንገዱ ላይ ባጃጁ የረገጠው ዝንጅብል አሁንም ነበረ፤ ዘለልኩት። መናኸሪያው በር ላይ ረዳቶቹ እርስ በርስ ይጯጯሃሉ። አንዱ ቦርሳዬን አየና “እማማ፣ ወዴት ነዎት?” አለኝ።

ጮክ ብዬ ነገርኩት።